ሐመልማልን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቋት

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ እንሰለፋለን፤ ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለው ወርክሾፓችን የነፋስ ተርባይን ክንፍ ይጠግናል። ክንፎቹ ከየኮረብታው ተነቅለው ነው የሚመጡት፤ አንዱ ብቻ ሰባ ሜትር ይሆናል። ውርጩ ገና ስለማይለቅ ሁሉም እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ይቆማል። ተራው ሲደርስ እጁን ያወጣና አምባሩን ወደ በሩ ያስጠጋል። ያኔ ወርክሾፑን የሚያስተዳድረው ማሽን፣ አርኪ፣ ያናግረዋል።

አርኪ ሴቶቹን «አንቺ» ነው የሚላቸው። «እንዴት አደርሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? ትናንት ከጓደኞችሽ ጋር አሥራ አራት ጊዜ ስቀሻል፤ ደስ ይላል።» እኛን ወንዶቹን «እርስዎ» ይለናል። «ከአርባ ሁለት ሠራተኞች ስድስተኛ ነዎት። ከትናንቱ በአንድ ደረጃ ከፍ ብለዋል።» ከዚያ የየሰዉ እርካታ በቁጥር አምባሩ ላይ ይወጣል። ቁጥሩ ሃምሳ አምስት ያልሞላ ሰው ክንፍ አይነካም። ያልረካ እጅ ይሳሳታል የሚለው ሕግ ከወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሕጉ ሲወጣ ብዙ ተጠንቶ ነበር ይባላል። ሴት በሥራዋ የምትረካው በሰው ፍቅርና በጊዜ ወደ ቤቷ በመግባት ነው፣ ወንድ ግን በማዕረግና በደረጃ ነው ተብሎ ተደመደመ። ጥናቱን ያየ ሰው አላውቅም። አርኪ ግን አይቶታል።

እኔ እዮስያስ እባላለሁ። ባለቤቴ በምሥራቁ በረሃ ባሉት ተርባይኖች ላይ ስለምትሠራ በአርባ ቀን አንዴ ነው የምትመጣው። ልጃችን ምዕራፍ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሕፃናት ማቆያው አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ወንዶች ከወርክሾፑ የምንወጣው አሥራ አንድ ተኩል ነው። ሴቶቹ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይወጣሉ። እንደነሱ ልውጣ ብዬ አርኪን አሥራ አንድ ጊዜ ለምኛለሁ። አሥራ አንዱንም ጊዜ ማዕረግ ሰጠኝ። በመጨረሻ ሙሉ ማዕረጌ «ምክትል ከፍተኛ ክንፍ ጠጋኝ፣ አንደኛ ደረጃ፣ ባለ ሁለት ኮከብ» ሆነ። ልጄን ከማቆያ የሚያወጣልኝ ግን ኮከቡ ሳይሆን ሐመልማል ናት።

ሐመልማል አርባ አራት ዓመቷ ነው። ልጆቿ አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቤቷ የሚጠብቃት ሰው የለም። ቢሆንም ሰዓቱ ሲደርስ በላይዋ ያለው መብራት ይደበዝዛል፣ መሣሪያዋ ይቆለፋል፤ «በቃሽ ውዴ፣ ወደ ቤትሽ» ይላታል አርኪ። እየተነጫነጨች ትወጣለች። ልጄን ከማቆያ ተቀብላ መጥታ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ምዕራፍ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ ሐመልማል በአጥሩ ቀዳዳ ጥላው የወጣችውን ክንፍ ታያለች።

«ሙጫው ሳይደርቅ ነው ያስወጡኝ፤ ያ ቃልአብ አበላሸብኝ አይደል?» ትለኛለች ስወጣ።

«አላበላሸም።»

«አንተ ምን አይተህ! ነገ አየዋለሁ።»

ክንፍን በጣቷ አንጓ አንኳኩታ ነው የምታውቀው። መሣሪያው ደህና ነው ያለውን ክንፍ እሷ «ይሄ ታሟል» ካለች ታሟል። ብንከፍተው ውስጡ ተሰንጥቆ እናገኘዋለን። ግማሾቻችንን ያስተማረችን እሷ ናት፤ እኔንም ጭምር።

ፎርማናችን ጋሽ ናሆም ጡረታ የሚወጡበት ሳምንት ደረሰ። ፎርማን በሰባት ዓመት አንዴ ነው የሚመረጠው። የትኛው ክንፍ ወደ ኮረብታው ይመለስ፣ የትኛው ይጣል የሚለው የመጨረሻ ቃል የእሱ ነው። ሁላችንም ለማን እንደሚገባ እናውቅ ነበር። ጋሽ ናሆም ራሳቸው ከአንድ ወር በፊት የቁልፍ መያዣቸውን ጠርገው «ለሐመልማል ሳስረክብ እንዳታፍርብኝ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሰኞ ከምሳ በፊት አርኪ ሁላችንንም ሰበሰበ። ጥያቄው በችሎታ ቅደም ተከተል ነውና መጀመሪያ የጠራው እሷን ነው።

«ሐመልማል፣ የወርክሾፑን ፎርማንነት ትቀበያለሽ?»

ሐመልማል ነጠላዋን አስተካከለች። ፊቷ ቀልቷል። ጎንበስ አለችና ማንኛችንም ብንሆን የምንለውን አለች፤ «ኧረ እኔ ምን ሆኜ! ስንት ታላላቆች እያሉ።»

ይሄ እንግዲህ ወጉ ነው። መጀመሪያ በተጠየቀ ጊዜ እሺ የሚል ሰው አገራችን ውስጥ የለም፤ ካለም «ቋመጠ» ይባላል። አንዴ እምቢ ይባላል፣ ሁለተኛ መግደርደር ነው፣ ሦስተኛ «በሞቴ» ሲባል እሺ ይባላል። ጋሽ ናሆም «አፈር ስሆን» ሊሏት አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«ምርጫሽ ተከብሯል» አለ አርኪ። «ስለ ግልጽነትሽ እናመሰግናለን።» በላይዋ ያለው መብራት ሞቅ ያለ ብርቱካናማ ሆነ። ከግድግዳው ትንሽ መዝሙር መሰል ሙዚቃ ተለቀቀ። ሐመልማል ገና ጎንበስ እንዳለች ናት።  ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሙዚቃው ሳያልቅ የእኔን ስም ጠራ። «እዮስያስ፣ ፎርማንነቱን ይቀበላሉ?»

«አልቀበልም» አልኩ። ወግ አልነበረም፤ ከልቤ ነው። ፎርማን የሚወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

«ትሕትናዎ ተመዝግቧል። ነገ እንደገና እንጠይቅዎታለን፤ ከነገ ወዲያም ለሦስተኛ ጊዜ።»

ከሥራ ስወጣ ሐመልማል አግዳሚው ላይ ከምዕራፍ ጋር ተቀምጣ ነበር። እየሳቀች ነበር፤ አምባሯ ላይ ዘጠና አራት ይላል።

«ፎርማንነቱን ትፈልጊዋለሽ?» አልኳት።

«ወዲያ! ራስ ምታት ነው። እኔ ምን ጎደለብኝ?»

«ሐመልዬ፣ በምዕራፍ ሞት፣ ትፈልጊዋለሽ?»

«በልጅ አትማል አንተ! ተው በቃ፣ ያለፈ ነገር ነው።»

ሦስተኛ ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። «ሃያ አንድ ዓመት» አለች። «ሃያ አንድ ዓመት አንድ ክንፍ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ዘጠኝ ተኩል ሲል ያስወጡኛል፣ የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። ፎርማን ብሆን ማን ያስወጣኝ ነበር? እፈልገዋለሁ እንጂ። እንዴት አልፈልገው?» ከዚያ አለቀሰች። ምዕራፍ የቆሎውን ከረጢት ሰጠቻት።

በማግስቱ በጠዋት ሁለታችንም የእርካታ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ፌቨን ዘንድ ገባን። ፌቨን ክፉ ሰው አይደለችም። ደንቡን አውጥታ አሳየችን።

«ሴት እምቢ ካለች እምቢ ማለቷ ነው» አለች። «ይሄ እኮ ድሮ በስንት ትግል የመጣ ነው። እንዴት ብዬ ላፍርሰው?»

«እኔስ? እኔም እኮ እምቢ ብያለሁ።»

«አንተማ ወንድ ነህ። ወንድ ማዕረግ አልፈልግም ካለ መለመን ፈልጎ ነው ይላል ደንቡ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች ሐመልማል።

ፌቨን ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። አንዲት ሴት እርካታዋ ከስልሳ በታች ከወረደ አርኪ ጉዳይዋን እንደ አዲስ ያየዋል ይላል። «ያንቺ ግን ዘጠና አራት ነው። ሰው ሁሉ ይወድሻል፣ ትስቂያለሽ፣ ምሳ ከሰው ጋር ትበያለሽ። በምን ይውረድ?»

ከቢሮው ስንወጣ ሐመልማል ቆም አለች። «እስቲ አኩርፉኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«ሁላችሁም። እስከ ነገ ጠዋት አታናግሩኝ። አንድ ቀን ምን አላት? ቁጥሩ ወርዶ እንደገና ይጠይቀኛል።» የሳቀችው እሷ ናት። እኔ አልሳቅኩም። በእኛ አገር ሰላምታ መንሳት ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ለሠራተኛው ሁሉ በጆሮ አዳረስኩ። ሁሉም ለእሷ ሲሉ እሺ አሉ።

ማክሰኞ ረጅም ቀን ነበር። ሐመልማል በመደዳው ስታልፍ አርባ አንድ ሰው አንገቱን ደፋ። እንደ ልማዷ «እንዴት ናችሁ?» አለች። ከማሽኑ ድምፅ በስተቀር የመለሰላት የለም። ጋሽ ናሆም እሷን ሲያዩ ችለው ዝም ማለት ስለማይሆንላቸው መጸዳጃ ቤት ገብተው ተደበቁ፤ ከረፋዱ እስከ ምሳ ሦስት ጊዜ። አራት ሰዓት ላይ ቁጥሯ ሰማንያ ሦስት ሆነ። በክበቡ ውስጥ ሁሌ የምሳ ዕቃችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን ነው የምንበላው። ያን ቀን ለብቻዋ ጥግ ያዘች። ሽሮዋን ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ከደነችው። ሰባ አንድ። እኛም አልበላን።

ከሰዓት በኋላ አርኪ ለእኔ ሁለተኛውን ጥያቄ አቀረበ። እምቢ አልኩ። «ትሕትናዎ እጅግ ያስመሰግናል» አለኝ፤ ሦስተኛ ኮከብ ጨመረልኝ። ወዲያው ደግሞ አንድ ማስታወሻ አምባሬ ላይ ወጣ። በሦስተኛውም እምቢ ያለ ሠራተኛ የማደግ ዕድል ሰፋ ወዳለበት ሌላ ወርክሾፕ ይዛወራል ይላል። የትም ሊሆን ይችላል። የምዕራፍን ፊት አሰብኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ምዕራፍን ከማቆያው ያወጣችልኝ ጎረቤቴ ናት። ከሐመልማል ጋር ምዕራፍ ካወራች ቁጥሩ ይጨምራል ብዬ ፈርቼ ነው። ማታ በሩ ላይ ስትቀበለኝ ልጄ አግዳሚውን ባዶ አየችውና «ምን አድርጋን ነው የተጣላናት?» አለችኝ። 

ረቡዕ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሐመልማል አምባር ሃምሳ ስምንት ይል ነበር። ቃልአብ ከኋላዬ ሆኖ ሊያጨበጭብ ሲል በክርኔ መታሁት። እሷ በግራው ሰልፍ፣ እኔ በቀኙ፣ ትከሻ ለትከሻ ደረስን። ዓይኗ አብጧል።

«ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ» አለችኝ በዝግታ። «ራሴ ነኝ ያመጣሁት። ግን ቤቴ ገብቼ አንድ በአንድ አሰብኳችሁ። አብዛኞቻችሁ ከብዷችኋል። ሦስት ሰዎች ግን ዓይናቸውን ሲያዞሩ ምንም አልከበዳቸውም።»

«እነማን?»

«አልነግርህም። ከነሱ ጋር ነው የምውለው።»

ሁለት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ሁላችንም ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት አንጋጠን እናያለን።  አሁን ይጠይቃታል፤ እሷም እሺ ትላለች፤ ሁሉም ያበቃል።

«ሐመልማል» አለ አርኪ፤ ድምፁ ለሐዘንተኛ እንደሚናገር ሰው ዝቅ ብሏል። «ጓደኞችሽ እንደራቁሽ አይተናል። በጣም እናዝናለን። እዚህ አትወደጂም። ስለዚህ የምትወደጂበት ቦታ አግኝተንልሻል። ሰመራ አዲስ ወርክሾፕ ተከፍቷል። አሥራ ሁለት ሠራተኞች ናቸው፣ ሁሉም ሴቶች፤ ፎርማን ገና አልተመደበም። ሳቅ የበዛበት ቦታ ነው። ነገ ትሄጃለሽ። የመጓጓዣሽ ሁሉ ተዘጋጅቷል።»

ከሴቶቹ ወገን አንዷ «ወይኔ!» ብላ አፏን ያዘች። ጋሽ ናሆም «ኧረ እንወዳታለን! አምላክን፣ እንወዳታለን!» ብለው ጮኹ። የእሳቸው ፎርማንነት ሰኞ አብቅቷል፤ አርኪ ለጡረተኛ አይመልስም።

ሐመልማል አልተናገረችም። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ቆማለች። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሆነ ነገር የምታሰላ ትመስል ነበር። እኔ ያኔ አላስተዋልኩትም። ያየሁት የተዋረደች ሴት ነው። ያየሁት የእኛን ጥፋት ነው። አርባ አንድ ሰው ተባብሮ፣ እወድሻለሁ እያለ፣ ሃያ አንድ ዓመት ከሠራችበት ቤት ሲያስወጣት ነው ያየሁት።

ፌቨን ከኋላዬ መጥታ በጆሮዬ አንሾካሾከች። «ፎርማኑ ካልተስማማ ዝውውር አይጸናም። ዛሬ ፎርማን ካልኖረን ግን የሚከለክል የለም።»

«እዮስያስ» አለ አርኪ። «ለመጨረሻ ጊዜ በክብር እንጠይቅዎታለን። ፎርማንነቱን ይቀበላሉ?»

አርባ ሰው ዞሮ አየኝ። ወደ ሐመልማል ተመለከትኩ፤ አላየችኝም። አምስት እርምጃ ነው የሚያራርቀን። ሄጄ «ምን ላድርግ?» ብላት ይበቃ ነበር። አርኪ የሚጠብቀው ስልሳ ሰከንድ ነው፤ እኔ የተጠቀምኩት አሥሩን እንኳ አይሆንም።

«እሺ» አልኩ።

ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። አምባሬ ሞቀኝ። ማዕረጌ ሁሉ ጠፍቶ «ፎርማን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ቀረ። ከሥሩ የመጀመሪያው ሥራዬ ወጣ። የሐመልማል ዝውውር፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም። ወዲያው «አልስማማም» የሚለውን ነካሁ።

«የፎርማኑ ውሳኔ ጸንቷል» አለ አርኪ። «ሐመልማል እዚሁ ትቀጥላለች።»

ሰዉ እንደ ጎርፍ ተንጋግቶ ከበባት። ሳሟት፣ አቀፏት፣ ይቅር በይን አሏት። ጋሽ ናሆም ግንባሯን ስመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ቁጥሯ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ እያለ ሲወጣ ይታየኛል። እሷ ግን ክብ ሠርተው ከያዟት መሀል ጥሳ ወጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ማነው ያስቀረኝ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ፣ እውነቱን ልናገር፣ ፊቴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«ማን ጠየቀህ?»

አምባሬን አሳየኋት።

«አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው አላለም? ፎርማን የላቸውም አላለም?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሴት ብቻ ያለበት ቤት ነው። ከመሀላቸው አንዷን መጠየቁ አይቀርም። እኔ ደግሞ አሁን ሲጠይቀኝ ምን እንደምል አውቅ ነበር። ትንሽ ላስብ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ልጆቼን፣ ቤቴን እያሰብኩ ነበር። አፌን ልከፍት ስል አንተ ቀደምከኝ።»

«አላወቅኩም፣ ሐመልዬ...»

«ሰኞ ሦስቴ ጠይቀኸኝ የለም? ዛሬ አንድ ጊዜ ምን ነበረበት?»

አምባሬን አፌ አጠገብ አድርጌ «ውሳኔዬን ቀይሬያለሁ፣ ትሂድ» አልኩ። አርኪ በአክብሮት መለሰልኝ። የፎርማን ውሳኔ በመወላወል ክብሩ እንዳይነካ ለአንድ ዓመት አይለወጥም አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። «ጽናትዎ ተመዝግቧል» አለኝ።

ሐመልማል ጓንቷን አጠለቀች፤ ሰኞ የጀመረችው ክንፍ ጋ ሄዳ ጎንበስ አለች። አንኳኳች፣ አዳመጠች፣ ምልክት አደረገች። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰላም እላታለሁ፤ እሷም ትመልሳለች፣ ትስቃለችም። አርኪ ሳቋን ይቆጥረዋል።

ያን ዕለት «እሺ» ባልኩበት ሰዓት አምባሬ ላይ የወጣው ቁጥር ዘጠና ስምንት ነው። ከዚያ በፊት ከሰባ አምስት አልፎ አያውቅም። መሣሪያው ተሳስቷል ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ለባለቤቴም እንደዚያው ነው ያልኳት። ግን አልተሳሳተም። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡልኝ፣ እሷ አምስት እርምጃ ርቃ አንገቷን ደፍታ ቆማ ሳለች፣ ደስ ብሎኝ ነበር።